ኦቦን ያለ አስተማሪ መልመድ

ኦቦ ከሁለት ስስ የሸምበቆ ቅርፊቶች በተጣመረ ሪድ የሚነፋ፣ 65 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ውስጡ ከላይ ጠቦ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ሾም ከተባለው ጯሂ የአደባባይ መሣሪያ የመጣ ሲሆን፣ የራሱን መልክ የያዘው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ፣ በሉዊ 14ኛ ቤተ መንግሥት ሙዚቀኞች እጅ ነው። ኦርኬስትራ ሲቃኝ የሚከተለው የኦቦውን «ላ» ነው። ይህን መሣሪያ ለትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብሎ ራስን በራስ ማስተማር ይቻላል፤ ጀማሪዎች ግን ትኩረታቸውን ሁሉ ለጣት አደራደር ይሰጡና ዋናውን ፈተና፣ ሪዱንና አተነፋፈሱን፣ ይዘነጋሉ።

የመጀመሪያው ጉዳይ የመሣሪያው ምርጫ ነው። ጥሩ ኦቦ የሚሠራው ከዞጲ ነው፤ ይህ ጥቁርና ጠጣር እንጨት ግን ሙቀትና እርጥበት በድንገት ሲለዋወጥበት ይሰነጠቃል። ለጀማሪ ከፕላስቲክ የተሠራው ይሻላል። አገልግሎት የሰጠ ኦቦ ሲገዛ ደግሞ አስቀድሞ በሚያውቅ ሰው መነፋት አለበት። ቁልፎቹን የሚያስተካክሉት ጥቃቅን ብሎኖች ትንሽ ከተዛነፉ አየር ያፈተልካል፤ የታችኞቹ ድምፆችም አይወጡም። ጀማሪው ጥፋቱ የራሱ ይሁን የመሣሪያው ለይቶ ማወቅ ስለማይችል፣ ያለ ጥፋቱ ራሱን ሲወቅስ ይከርማል።

ሪዱ ከዚህም ይብሳል። የታወቀው የሪድ ሸምበቆ ከደቡብ ፈረንሳይ፣ ከቫር አካባቢ ይመጣል። ተፍቆ ከሳሳ በኋላ ቡሽ በለበሰ አጭር የብረት ቱቦ ላይ በክር ይታሰራል። ከመነፋቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ ውኃ ውስጥ መንከር አለበት። ቶሎ ያረጃል፤ ከዚህም የተነሣ በሙያው የሚተዳደሩት አብዛኞቹ የራሳቸውን ሪድ ይሠራሉ። ጀማሪ ግን ጥሩ ሪድ ምን እንደሚመስል ገና ስለማያውቅ በእጅ የተሠራና ለስለስ ያለ ሪድ ገዝቶ ቢጀምር ይበጀዋል። ጠንካራ ሪድ ከንፈርን ያስነክሳል፤ ይህ ልማድ ከያዘ በኋላ ማስለቀቁ ከባድ ነው።

ከንፈሮች ጥርስን ሸፍነው ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ ሪዱ በጫፉ ብቻ ይገባል። ቀዳዳው እጅግ ጠባብ በመሆኑ የሚወጣው አየር ትንሽ ነው። የተጫዋቹ ደረት እንደሞላ ሳለ ውስጡ ያለው አየር ግን ኦክስጅኑ የቀነሰ ነው፤ መታፈኑ የሚመጣውም ከዚህ ነው። መፍትሔው መጀመሪያ ማስወጣት፣ ከዚያ መሳብ ነው። ሁለቱንም ቦታዎች በኖታው ላይ በእርሳስ ማመልከት ይጠቅማል።

ጣቶችን ከሰንጠረዥ መማር ይቻላል። ሬኮርደር ወይም ሳክስፎን የነካ ሰው ብዙው አይጠፋውም። እንግዳ የሚሆኑበት «ፋ»ን የሚያወጡት የተለያዩ አያያዞችና በሁለተኛው ኦክታቭ «ሬ»ና በአጎራባቾቹ ላይ የግራ አመልካች ጣት ቀዳዳውን በከፊል የሚከፍትበት ዘዴ ናቸው።

ልምምዱ አጭርና የዘወትር ቢሆን ይመረጣል፤ ከንፈር ከደከመ በኋላ የሚደረገው ሁሉ መጥፎ ልማድ ማስተማር ነው። በየዕለቱ መቃኛ ፊት ለፊት አስቀምጦ አንድን ድምፅ ከዝግታ ወደ ጉላት፣ መልሶም ወደ ዝግታ ማውጣት ከማንኛውም ዜማ ይቀድማል። ከዚያ በኋላ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተዘጋጁት የባሬ ማስተማሪያና የፈርሊንግ 48 ልምምዶች ለዓመታት ይበቃሉ። የዕለቱ ልምምድ ሲጨረስ የመሣሪያው ውስጥ በጨርቅ ይደርቃል።

መጽሐፍ የማይተካው አንድ ነገር አለ፤ የሌላ ሰው ጆሮ። ራስን ቀድቶ ማዳመጥ የተዛባ ቅኝትን ያሳያል፤ መዛባቱ ከሪዱ ይሁን ከከንፈሩ ግን አይነግርም። ስለዚህ መደበኛ ትምህርት የማይወስድ ሰውም ቢሆን፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ አልፎ አልፎ ሪዱን ነፍቶ የሚፈትሽለት የኦቦ ተጫዋች ቢያገኝ ብዙ ከንቱ ድካም ይቀርለታል።