ኮቱን ማን ሸመነው?

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1931 ጃፓንን ጐብኝተው ስለ እርሷ መጽሐፍ ከጻፉ ወዲህ፥ ስለ ሥልጣኔ በተከራከርን ቍጥር ጃፓንን መጥቀስ ልማዳችን ሆኗል። አንዳንዶችም «ጃፓን የሠለጠነችው ኪሞኖን ጥላ ኮትና ሱሪ ስለ ለበሰች ነው» ይላሉ። ይህ አሳብ ልብሱን አይቶ ሸማኔውን የዘነጋ ነው።

እርግጥ የሜይጂ መንግሥት በ1872 የሹማምንቱ የክብር ልብስ በአውሮፓ ሥርዓት እንዲሆን ዐውጇል፤ በ1876ም ሳሙራዮች ሰይፍ እንዳይታጠቁ ከልክሏል። ዳሩ ግን በ1879 ቶኪዮ ውስጥ፥ በሰንጁ፥ የሱፍ ጨርቅ ፋብሪካ ከፍቶ የወታደሩን የደንብ ልብስ ጨርቅ በአገሩ ማሠራት ዠመረ። እቴጌ ሾከንም በ1887 ሴቶች የአውሮፓን ልብስ እንዲለብሱ ሲመክሩ፥ ጨርቁ የአገር ውስጥ ሥራ እንዲሆን አጥብቀው አሳስበዋል። ስፌቱ የውጭ ቢሆን፥ ድሩና ማጉ የጃፓን ይሁን ማለታቸው ነው።

ኪሞኖም ቢሆን አልተጣለም። በየቀኑ መለበሱ ቢቀርም፥ ኦቢ ከተባለው ሰፊ መታጠቂያና አውራ ጣቱ ከተለየው ካልሲ ከታቢ ጋራ፥ በሠርግና በጕልምስና በዓል ዛሬም ይለበሳል።

ስለዚህ ጃፓንን ለምሳሌ የሚጠቅስ ሁሉ፥ ስለ ኮቱ አቈራረጥ ከመከራከሩ በፊት ጨርቁን ማን እንደ ሸመነው ይጠይቅ።