የሆዱን ጠባሳ ያልተናገረ ሠራተኛ አጭበርባሪ ነውን?



ባለፉት ሁለት ጁምዓዎች እዚህ ሰቆጣ ከሶላት በኋላ በር ላይ የሰማነው ክርክር ዝም ብለን እንዳናልፍ አድርጎናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ከጀመዓችን አንድ ወንድም አምና አንጀቱ ተጠማዞ፣ ለሞት ደርሶ፣ ደሴ ተወሰደና ሆዱ ተከፈተ። አላህ (ሱ.ወ) አተረፈው። ይህ ሕመም በደጋው አገራችን ለሐኪሞች እንግዳ አይደለም፤ ስንቱን በቃሬዛ ሲያስወጣ አይተናል። ወንድማችን ስምንት ወር አርፎ፣ ሐኪሙም "ሥራህን መሥራት ትችላለህ" ብሎት፣ በአንድ የእህል መጋዘን ሚዛን ተቆጣጣሪና መዝጋቢ ሆኖ ተቀጠረ። በአራተኛው ሳምንት አሠሪው "ሆድህ የተቀደደ መሆኑን ደብቀኸኛል" ብሎ አሰናበተው። በሚዛኑም በመዝገቡም አንድም ቅሬታ አልነበረበትም።

ያስገረመን የአሠሪው ነገር ብቻ አይደለም። በር ላይ ከቆሙት ግማሾቹ ለአሠሪው ፈረዱ። ስለ ማታለል የመጣውን ሐዲስ እያነሱ "ደብቋል፣ ገንዘቡም ሐላል አይሆንለትም" እስከማለት ደረሱ። ሱብሓነላህ!

ሐዲሱን እናውቀዋለን፤ ሸይኻችን ፊት ቁጭ ብለን ቀርተነዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን የእህል ክምር ውስጥ ቢያስገቡ ከሥሩ እርጥበት አገኙ። ሻጩ ዝናብ መታብኝ ቢላቸው፣ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ ገሠጹት። እሺ፤ እዚያ የተሸጠው ግን ምንድን ነው? እህል ነው። ገዢው ተሸክሞት ይሄዳል፣ አስፈጭቶ ይበላዋል። ተቀጣሪ ራሱን ሸጧል እንዴ? በኪታቦቻችን የኢጃራ ምዕራፍ የተከፈተው ይህን ለመለየት አይደለም ወይ? በኢጃራ ውሉ የሚፈጸመው በመንፈዓው፣ በሚገኘው ጥቅም ላይ ነው። የሻፍዒያ ሊቃውንት በኢጃራ ዐይብ የሚሉት ያንን ጥቅም የሚነካውን፣ የኪራዩን ዋጋ እስኪያለያይ ድረስ የሚያጎድለውን ነው። ቤት ስታከራይ ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ተናገር። ከሦስት ዓመት በፊት አፍስሶ ተጠግኖ ዛሬ ጠብ የማይልበትን ጣሪያ ታሪክ ግን ማን ይጠይቅሃል?

ስለዚህ ሚዛን የሚመዘግብ ሰው ሆዱ ላይ ያለው ጠባሳ የመንፈዓው ዐይብ አይደለም። ኩንታል ተሸካሚ ሆኖ ቢቀጠር ኖሮ፣ ሐኪሙም ከባድ ነገር እንዳያነሳ ከልክሎት ቢሆን፣ መናገር ግዴታው ነበር፤ ዝም ካለ እኛም እንፈርድበት ነበር። ጭንቅላቱ ተከፍቶ ገና የሚጥለው ሰው ሠላሳ ነፍስ ጭኖ የሰቆጣን ጠመዝማዛ መንገድ ልንዳ ቢል ዝምታው ሐራም ነው፤ የሌላ ሰው ሕይወት አለበትና። የልቡ በር ተቀይሮለት የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰውም በሚቆርጥና በሚያደማ ማሽን ላይ ሊሠራ ሲል ይናገር። ቢጠየቅም አይዋሽ፤ "ለዚህ ሥራ የሚከለክለኝ ነገር የለም፣ ከተጠራጠርክ አስመርምረኝ" ማለት ውሸት አይደለም። ከዚህ ያለፈው ገመናው ነው።

አንድ ኡስታዝ የነቢዩላህ ሙሳን (ዐ.ሰ) ታሪክ አነሱብን። ሙሳ መድየን ሲደርሱ ታሪካቸውን ሁሉ ለሽማግሌው ነግረው አልነበረም ወይ? አዎን፣ ነግረዋል። (ሽማግሌው ሹዐይብ ናቸው አይደሉም የሚለውን ለሌላ ቀን እንተወው።) ግን ቅደም ተከተሉን እንይ። ሙሳ ታሪካቸውን የተናገሩት የቅጥር ወሬ ሳይነሳ፣ እንደ ተጨነቀ እንግዳ ሆነው ነው። ሽማግሌው ሲሰሙ አላባረሯቸውም፤ አይዞህ፣ ከበደለኞች ድነሃል ብለው አረጋጓቸው። ቅጥሩን ያነሳችው ልጅቱ ናት፤ የለካችውም በሁለት ነገር ነው፦ በብርታትና በታማኝነት። ውሉም ለስምንት ዓመት፣ ከፈለጉም ለዐሥር ሆነ። አሠሪዎቻችን እንደ መድየኑ ሽማግሌ ይሁኑልንና ሠራተኛው ሁሉ ሳይጠየቅ ይናገራል።

የነጋዴውን ጭንቀት አንንቅም። በድርቅም በጦርነትም የደቀቀ አገር ነው፤ አንድ መጋዘን ያለው ሰው "ነገ ቢተኛብኝስ?" ቢል አይፈረድበትም። ግን ሒሳቡን ይወቅ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራው ባልመጣ ሕመም ቢተኛ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ቢበዛ የሁለት ወር ደመወዝ ማለት ነው። የሙከራ ጊዜም እስከ 60 የሥራ ቀን ተሰጥቶታል፤ ይህ ጊዜ የተሰጠው ሰውዬው ሥራውን መቻል አለመቻሉ እንዲታይበት ነው። በቂ ምክንያት ካለውም ከኤች አይ ቪ በስተቀር የጤና ምርመራ እንዲያደርግ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሠራተኛውም እምቢ ሊል አይችልም። ተፈራ ኃይሉ ሆስፒታል እዚሁ ከተማችን አለ። ልኮት፣ ከፍሎለት፣ "ለዚህ ሥራ ብቁ ነው" ወይም "አይደለም" የሚል ወረቀት ይቀበል። የበሽታው ስም አያስፈልገውም።

አሁን ወደሚያሳፍረን እንምጣ። አሠሪው ከየት ሰማ? ሐኪሙ አልነገረውም። ሐኪም የታካሚውን ምስጢር ቢያወጣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 ይቀጣዋል። ወንድማችንም አልተናገረም። የተናገርነው እኛ ነን። አምና ለሕክምናው ሶደቃ ስንሰበስብ አልጋ ላይ የተኛበትን ፎቶ፣ ሙሉ ስሙንና የሆስፒታል ወረቀቱን በዚሁ ገጽ ለጠፍን። ገንዘቡ በሦስት ቀን ሞላ፤ አልሐምዱሊላህ። ፎቶው ግን ከገንዘቡ በኋላም ከስልክ ስልክ ዞሮ አሠሪው ስልክ ውስጥ ገባ። ኢማም ነወዊ የሰው ነውር ሊነሳ የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ ፈቃዱን ከሸሪዓዊ ዓላማው ጋር አስረውታል። ለማሳከም የሚያስፈልገው ታማሚ መኖሩና የገንዘቡ መጠን ነበር። የተሰፋ ሆዱን ማሳየት ምን አመጣው? ወንድማችን ዳቦ ያጣው በእኛ ደግነት ነው።

ከአሠሪው ጋር ሁለት ሽማግሌዎች ተነጋግረው "አስብበታለሁ" ብሏል፤ ኢንሻአላህ እንከታተለዋለን። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ገጽ ለታማሚ ስንሰበስብ ስምና ፎቶ አይወጣም፤ ወረቀቱን ሦስት ሽማግሌዎች አይተው ያረጋግጣሉ፣ እኛ የምንጽፈው የሚያስፈልገውን ብር ብቻ ይሆናል። "ፎቶ ካላየን አንሰጥም" የምትሉ ወንድሞች ወደ ሽማግሌዎቹ መጥታችሁ ጠይቁ። የአምናውን ጽሑፍ ትናንት ማታ አንስተነዋል። እናንተም ያጋራችሁት ካለ፣ በየግሩፑም ካስቀመጣችሁት፣ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ፈልጋችሁ አጥፉት።