ለጀማሪ የሚሆነው የትኛው ማሽን ነው?

መስከረም ሲጠባ ጂሞች ይሞላሉ። አዲስ ቱታ፣ አዲስ ጫማ፣ አዲስ የውሃ ኮዳ በየጥጉ ይታያል። ኅዳር ላይ ግን ከተመዘገቡት ውስጥ ብዙዎቹ የሉም፤ የከፈሉት ገንዘብ ብቻ እዚያው ቀርቷል። እንዲህ ሲሆን «ስንፍና ነው» ብለን ራሳችንን እንወቅሳለን። አንዳንዴ እውነት ነው። በርካታ ጀማሪ ግን የሚያቆመው ለጉልበቱ ወይም ለወገቡ የማይሆን ማሽን ላይ ወጥቶ፣ ወይም ከጎኑ ከሚሮጠው ወጣት እኩል ልሁን ብሎ፣ በማግስቱ ደረጃ መውረድ ሲያቅተው ነው።

በዚህ ወር ስለ ካርዲዮ ማሽኖች፣ ማለትም ልብንና ሳንባን ስለሚያሠሩት፣ እንነጋገር። መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎ፦ ለጀማሪ ጥሩው ማሽን በላብ የሚያጠምቀው አይደለም። ጥሩው ማሽን ሳይጎዱ ወርደው፣ ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሰው ሊወጡበት የሚፈልጉት ነው።

ከመመዝገብዎ በፊት

የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። ስለዚህ ዕድሜዎ ከ40 ዓመት ካለፈ፣ ወይም በቤተሰብዎ ውስጥ የግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ካለ፣ ከክፍያው በፊት ግፊትዎንና ስኳርዎን ይለኩ። ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ነገር ነው። ግፊትዎ 180 በ110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጂሙ ይቆይ፤ ቅድሚያ ሐኪም ይይዎት። ዳገት ሲወጡ ደረትዎን የሚጫንዎት፣ ያለ ምክንያት የሚያዞርዎት ወይም ራስዎን ስተው የሚያውቁ ከሆነም እንዲሁ ነው።

ለግፊት ወይም ለልብ እንደ አቴኖሎል ያለ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። መድኃኒቱ የልብ ምትን ይቀንሳል። ስለዚህ ማሽኑ ላይ የተለጠፈው «በዚህ ዕድሜ የልብ ምት ይህን ያህል ይሁን» የሚል ሠንጠረዥ ለእርስዎ አይሠራም። ቁጥሩ ላይ ለመድረስ ሲታገሉ ከአቅምዎ በላይ ይሄዳሉ።

ታዲያ በምን ልለካ?

በንግግርዎ። ማሽኑ ላይ ሆነው ከጎንዎ ላለው ሰው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት፣ ልኩ ላይ ነዎት። ሁለት ቃል ተናግረው ትንፋሽ የሚያጥርዎት ከሆነ ይቀንሱ። መዝፈን ከቻሉ ትንሽ ይጨምሩ። ባለትዳሮች ጎን ለጎን ሲሠሩ ይህ መለኪያ በጣም ይጠቅማል። ሁለቱ በአንድ ፍጥነት መሄድ የለባቸውም፤ ሁለቱም ማውራት መቻል አለባቸው።

ይህ መለኪያ ለአዲስ አበባ ሰው በተለይ ይሆናል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ዩቲዩብ ላይ የሚያዩት አሰልጣኝ ያን ፍጥነት የሚያዝዘው ምናልባት ባሕር አጠገብ ሆኖ ነው። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለዕረፍት የመጣ ዘመድዎን ይዘው የሚሄዱ ከሆነም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀስ ይበል፤ እዚያ የለመደው ፍጥነት እዚህ ትንፋሹን ያሳጥረዋል።

ትሬድሚል

አብዛኛው ጀማሪ የሚሄደው ወደ ትሬድሚል ነው፤ ምክንያቱም መራመድ የማይችል የለም። ጤነኛ ጉልበት ላለው ሰው ጥሩ ጅማሬ ነው። በሰዓት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለአምስት ደቂቃ ይሞቁ። ሲቀልልዎት ከመሮጥ ይልቅ ዳገቱን ወደ 3 ወይም 4 ከፍ ያድርጉት። ዳገት እየወጡ መራመድ ልብን በደንብ ያሠራል፤ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ምት ግን ከሩጫ ያነሰ ነው።

ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ማሽኑ የሚቆጥረው በኪሎ ሜትር ይሁን በማይል ይጠይቁ። በኪሎ ሜትር 5 ማለት ፈጠን ያለ እርምጃ ነው፤ በማይል 5 ማለት ግን 8 ኪሎ ሜትር ነው፣ እሱም ሩጫ ነው። ሁለተኛ፣ ቀዩን ገመድ ልብስዎ ላይ ይቆንጥጡት። ቢወድቁ ማሽኑን የሚያቆመው እሱ ነው። ሦስተኛ፣ መብራት። መብራት ድንገት ሲጠፋ ቀበቶው ይቆማል፤ ጄኔሬተር ቢኖርም እስኪነሳ ጊዜ ይወስዳል። የሚራመድ ሰው አብሮ ይቆማል፤ የሚሮጥ ሰው ግን ወደ ፊት ሊደፋ ይችላል። ለጀማሪ እርምጃ የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መደገፊያውን ጭምቅ አድርገው ይዘው መሄድ ግን አይጥቅምዎትም። ክብደትዎን ክንድዎ ሲሸከም ማሽኑ የሚያሳይዎት ቁጥር እርስዎ የሠሩት አይደለም። ካልያዙ የሚወድቁ ከመሰለዎት ፍጥነቱን ይቀንሱ። ሚዛን መጠበቅ የሚያስቸግራቸው አባትና እናት ግን ከትሬድሚል ይልቅ በሳይክል ቢጀምሩ ይሻላል።

ሳይክል

ጉልበታቸውን ለሚያምማቸው፣ ክብደታቸው ለበዛ፣ ለብዙ ዓመት ስፖርት ላልሠሩ ሰዎች የመጀመሪያ ምርጫዬ ሳይክል ነው። የሰውነትዎን ክብደት ኮርቻው ይሸከምልዎታል። ሁለት ዓይነት አለ፦ እንደ መንገድ ሳይክል የሚቀመጡበትና ጀርባ መደገፊያ ወንበር ያለው። ወገባቸውን ለሚያምማቸውና ለአረጋውያን ባለ መደገፊያው ይመቻል።

ሳይክል ጉልበት የሚያሳምመው ብዙ ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ሲል ነው። ቁመቱን እንዲህ ያስተካክሉ፦ ይቀመጡና ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ያድርጉ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በእግርዎ ፊተኛ ክፍል ሲረግጡ ጉልበትዎ ትንሽ እንደታጠፈ ይቀራል። ልኩ ያ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት መቀመጫዎን ያምምዎታል፤ አይደንግጡ፣ ይለመዳል።

ኤሊፕቲካል

እግር ከመርገጫው ሳይነሳ እንደ ሩጫ የሚያንቀሳቅሰው፣ እጅም የሚያሠራው ማሽን ኤሊፕቲካል ነው። መሬት የመምታት ነገር ስለሌለው ሩጫ ለሚያምመው ጉልበት ጥሩ አማራጭ ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ሲወጡበት ግን በሦስት ደቂቃ ጭንዎ ይቃጠላል። ጭነቱን ዝቅ አድርገው በአምስት ደቂቃ ይጀምሩ፤ በየቀኑ ሁለት ሁለት ደቂቃ ይጨምሩ። ጎንበስ ብለው አይደገፉ፤ ቀጥ ብለው ይቁሙ።

ሁለቱን ያቆዩዋቸው

የመቅዘፊያው ማሽን መላ ሰውነትን የሚያሠራ ድንቅ መሣሪያ ነው፤ ግን መማርን ይጠይቃል። መጀመሪያ በእግር መግፋት፣ ቀጥሎ ወገብን ማቃናት፣ በመጨረሻ በእጅ መሳብ ነው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ጀርባውን አጉብጦ በእጁ ይጀምራል፤ ማግስቱን ወገቡን ይይዛል። አሰልጣኙ አጠገብዎ ቆሞ ካላሳየዎት አይሞክሩት። የደረጃ መውጫው ማሽን ደግሞ ዝቅተኛው ፍጥነቱ እንኳ ለጀማሪ ከባድ ነው። ሁለት ሦስት ወር ይቆይ፤ የትም አይሄድም።

ስለ ካሎሪና ስለ ቦርጭ

ማሽኑ የሚያሳየው የካሎሪ ቁጥር ግምት ነው፤ ክብደትዎን ካላስገቡ ደግሞ የባሰ ግምት ይሆናል። «300 አቃጥያለሁና ዛሬ ጥብስ ይገባኛል» የሚል ሒሳብ አይያዙ። ቦርጭን ለይቶ የሚያጠፋ ማሽንም የለም። ስብ ከመላ ሰውነት ቀስ በቀስ ነው የሚቀንሰው፤ ምግብም ካልተስተካከለ ማሽን ብቻውን አያደርሰውም። ሆኖም ሚዛኑ ባይንቀሳቀስም እንቅስቃሴው ለግፊት፣ ለስኳርና ለእንቅልፍ ይጠቅማልና ተስፋ አይቁረጡ።

የመጀመሪያው ወር

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እዚያ ለመድረስ አይሞክሩ። በአንደኛው ሳምንት ሦስት ቀን፣ 15 ደቂቃ፤ በሁለተኛው 20፤ በሦስተኛው 25፤ በአራተኛው 30 ደቂቃ ይበቃል። የቀረውን ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድመው ወርደው በእግር ይሙሉት። ከ150 በታች መሥራትም ምንም ካለመሥራት ይበልጣል።

በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ፣ ወይም ረመዳንን የሚጾሙ ከሆነ ጠንከር ያለውን ሥራ ከማፍጠሪያው በኋላ ያድርጉት፤ በባዶ ሆድ ቀለል ያለ እርምጃ ይበቃል። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው በጾምም ሆነ ያለ ጾም ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ይያዝ፤ የሥራውን ሰዓትም ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት።

ማሽኑ ላይ ሳሉ ደረትዎን ከተጫነዎት፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ወይም ካጥወለወለዎትና ካዞረዎት «ያልፋል» አይበሉ። ይውረዱ፣ ለአሰልጣኙ ይንገሩ፣ ወደ ሕክምና ይሂዱ። ሰው ያየኛል ብለው የሚያፍሩበት ጊዜ አይደለም።

ለዓመት ከመክፈልዎ በፊት ደግሞ አንድ ቀን መሞከር ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ካልተቻለ የአንድ ወር ብቻ ይክፈሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ትሬድሚሉን አንድ ቀን፣ ሳይክሉን ሌላ ቀን፣ ኤሊፕቲካሉን ሌላ ቀን ይሞክሩ። ጠዋት ሲነሱ ጉልበትዎንና ወገብዎን ያዳምጡ። ያላሳመመዎትንና ጊዜው ሳይታወቅዎት ያለፈበትን ይያዙ። ጓደኛዎ ሌላ ማሽን ይምረጥ፤ ባለቤትዎም ሌላ። ልጆችዎ የሚያስታውሱት የትኛው ማሽን ላይ እንደወጡ አይደለም፤ ጥርም የካቲትም ሲገባ አባታቸው ወይም እናታቸው ያንኑ የጂም ቦርሳ ይዘው መውጣታቸውን ነው።