የጉዟችን ቀን ተቈረጠ



የምኖርበት ሰፈር ሳንሱሲ ይባላል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው ስሙን ሲሰማ ፈገግ ይላል፤ በዚያ ቋንቋ «ሳን ሱሲ» ማለት «ያለ ሐሳብ» ማለት ነውና። የፕሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክም በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1745 እስከ 1747 በፖትስዳም ያሠራውን የማረፊያ ቤተ መንግሥት በዚሁ ስም ጠርቶታል። በእኛ ሳንሱሲ ግን ሐሳብ የሌለበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። በእኛ ቤት ሰሞኑን የነበረውን ሐሳብ ላጫውታችሁ።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ነሐሴ ለልብስ ሰፊ የመከር ወር ነው፤ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት የሰፈሩ ልጆች ዩኒፎርም ሁሉ መድረስ አለበት። ስለዚህ ጧት በ12 ሰዓት የስፌት መኪናዋ ድምፅ ይቀሰቅሰናል። እኔ ዝናቡንና የታክሲውን ሰልፍ ታግዬ ቢሮ እገባለሁ፤ ማታ ስመለስ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጠብቀኛል። በጓሮ አንዲት ክፍል ለኪራይ እያሠራን ነው። ብሎኬቷ ተደርድሮ አልቋል፤ የቀረው ቆርቆሮዋ ነበር። በሐምሌ መጨረሻ የዕቁብ ዕጣ ሲወጣልን «በቃ፤ ጣራዋ ተገኘ» አልን።

በዚያው ሳምንት ስልክ ተደወለ። የባለቤቴ እናት የሚኖሩት ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል አለፍ ብላ በምትገኘው በጉደር ነው። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ለልጃቸው እንዲህ አሏት፦ «ዓይኔ እየደከመ ሄደ፤ ትንሹን ልጅሽን በስሙ ብቻ አውቄው ልቅር?»

ትንሹ ልጃችን ሦስት ዓመቱ ነው። ከተወለደ ጀምሮ በየዓመቱ «ለመስቀል እንመጣለን» ስንል ቆይተናል። አንድ ዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ፣ አንድ ዓመት የቢሮ ሥራ፣ አንድ ዓመት ብሎኬት ምክንያት ሆነ።

በማግሥቱ ባለቤቴ መኪናዋን ሳትከፍት ተቀመጠችና «ቆርቆሮው ሱቅ ውስጥ ይቆየናል፤ እናቴን ግን ማን ያቆይልኛል?» አለችኝ። እኔም የቆርቆሮ ዋጋ በየቀኑ እንደሚጨምር፣ ክፍሏም በጊዜዋ ካልተከራየች ገቢ እንደምናጣ አስረዳሁ። ነገሩ እውነት ነበር፤ ነገር ግን እርስዋን እያየሁ መናገር አቃተኝ።

ማታ ከትልቋ ልጃችን ደብተር አንድ ገጽ ተቀደደና ሒሳብ ተጀመረ። የአምስት ሰው መሳፈሪያ ደርሶ መልስ፣ የመንገድ ስንቅ፣ ለአያትየው ቡናና ስኳር ተጻፈ። ነጠላውን ባለቤቴ ራስዋ ትሰፋለች። ድምሩ ሲወጣ ከዕቁቡ ገንዘብ ከአምስት እጅ አንዱ ብቻ ሆነ። አፈርሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ «ገንዘብ ቢኖረን» ስል የነበርሁት ሰው አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ አላሰብሁትም ነበር። ለጓሮዋ ክፍል እስከ ምስማሯ ድረስ ዝርዝር ጽፌ ነበር፤ ለጉዞው ግን ምኞት እንጂ ቀን አልሰጠሁትም።

እንግዲህ ተወሰነ። ከቆርቆሮው የጐደለው በዩኒፎርሙ ገቢ ይሟላል፤ ክፍሏም አንድ ወር ትዘገያለች። የአንድ ወር ኪራይ እናጣለን። እኛ የምንነሣው መስከረም 15 ቀን ነው፤ ከቢሮ ፈቃድ ጠይቄአለሁ። ስለ መንገዱ ሰላምም ከመነሣታችን በፊት ከመናኸሪያ እንጠይቃለን።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሌላ መልክ ያዘ። ትልቋ ልጄ በመንገድ የሚታየውን በተራ እየጻፈች ነው። ከቡራዩ አለፍ ሲሉ አዲስ አበባ ከምትጠጣባቸው ግድቦች አንዱ፣ ገፈርሳ አለ። ቀጥሎ ሆለታ ናት፤ የጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. ተከፍቶባት ነበር፤ በ1928 ኢጣሊያ አዲስ አበባን ስትይዝ ከዚያ የወጡ ወጣት መኰንኖች ወደ ምዕራብ ሄደው በጥቁር አንበሳ ጦር ውስጥ ተዋግተዋል። 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ አዲስ ዓለም ትደረሳለች። የማገዶ እንጨት በማለቁ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደዚያ ሊያዛውሩ አስበው ነበር፤ ባሕር ዛፍ በዝቶ አዲስ አበባን አተረፋት፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. የተወለዱት ደግሞ በአምቦ አጠገብ በቦዳ ነው። በየቀኑ በደጃችን የሚያልፈው መንገድ ይህን ሁሉ ይዞ ኖሯል።

ወንድሟ ወንጪን ካላየሁ ብሎ ነበር። በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለውን የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ሥዕሉን አይቶ ነው፤ ወንጪ በ2021 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላለች። «ለሚመጣው ዓመት» ብንለው «እንግዲያው ቀኑን ጻፉልኝ» አለ። ጻፍንለት።

ትንሹ ደግሞ የሴት አያቱን ቋንቋ ይለማመዳል። «አካም ጂርቱ፣ አኮ» እያለ ለበሩ፣ ለድመቱ፣ ለስፌት መኪናውም ሰላምታ ይሰጣል።

ተማሪዎችና አዲስ የመንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ አንባቢዎቼ፤ ብዙዎቻችሁ ከወላጆቻችሁ ርቃችሁ የምትኖሩ ናችሁ። ሥራችሁን ተዉ አልልም፤ እኔም አልተውሁም። ነገር ግን ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት ውሰዱና መሳፈሪያውን ደምሩ፤ ከድምሩም በታች ቀን ጻፉበት። ከፈራችሁት ያነሰ ሊሆን ይችላል። በዝቶ ከተገኘም ከደመወዛችሁ ስንት ወር ብታስቀምጡ እንደሚሞላ ታውቃላችሁ።

የስፌት መኪናው አሁንም እየጮኸ ነው፤ ሰባት ዩኒፎርም ቀርቷል። የአያትየውን ነጠላ የምትጀምረው ከእነርሱ በኋላ ነው። ከጉደር ስንመለስ የሆነውን እነግራችኋለሁ።

እስከ ሚመጣው ሳምንት ደኅና ሰንብቱ።