ያንቀላፋ ዕዳ

በቀድሞው ዘመን በአገራችን አበዳሪና ተበዳሪ በተካሰሱ ጊዜ፣ ዕዳው እስኪከፈል ወይም የታመነ ዋስ እስኪገኝ ድረስ፣ የአንዱ ኩታ ከሌላው ኩታ ተቋጥሮ፣ አንዳንድ ጊዜም እጅ ለእጅ በሰንሰለት ተያይዘው፣ ሲሄዱም ሲያርፉም ሳይለያዩ ይኖሩ እንደ ነበር፣ ይህም ቁራኝነት ይባል እንደ ነበር ከአባቶቻችን ሰምተናል፤ በአገራችን ካለፉ የውጭ መንገደኞች ጽሑፍም አንብበናል። ሥርዐቱ ጨካኝ እንደ ነበረ የሚክድ የለም፤ ይመለስልን የሚል ሰው ቢገኝም ምክሩን የሚቀበለው አይኖርም። ሆኖም በአንድ ነገር ከዛሬው አሠራር ይሻል ነበር፤ ይኸውም ተበዳሪው ዕዳውን፣ አበዳሪውም ገንዘቡን፣ ለአንዲት ቀን እንኳ ለመዘንጋት የማይቻላቸው መሆኑ ነው።

ዛሬ ግን ዕዳ ወደ መዝገብ ቤት ገብቶ ያንቀላፋል፤ ባለቤቱ ረስቶት፣ ቤት ሠርቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ አገር ቀይሮ ከኖረ በኋላ አንድ ቀን በድንገት ነቅቶ በሩን ይመታል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ነገር በክሬዲት ካርድ ያውቁታል። በመጡበት ዓመት የወሰዱትን ካርድ ሥራ ሲያጡ ሳይከፍሉ ይተዉታል፤ ባንኩም ተስፋ ቆርጦ ዕዳውን ከዶላሩ ጥቂት ሳንቲም ለሚከፍል ነጋዴ ይሸጠዋል፤ ከዓመታት በኋላም፣ አበድሮ የማያውቅ ሰው ስልክ ደውሎ ከነወለዱ አምጣ ይላል። የዚያ አገር ሕግ፣ በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የዕዳ ማስታወቂያ የደረሰው ሰው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ተከራክሮ ማስረጃ እንዲያሳዩት ለመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ይህን የማያውቀው ግን ስለ ደነገጠ ብቻ ጥቂት ገንዘብ ይልካል፤ በብዙዎቹ ግዛቶችም ያቺ ጥቂት ገንዘብ ሊሞት የተቃረበውን ዕዳ እንደ አዲስ ታስነሣዋለች።

እዚህ አዳማ፣ ወይም በአሰላው መንገድ በምትገኘው በደራ፣ ክሬዲት ካርድ በኪሱ የያዘ ሰው መፈለግ ድካም ነው። የእኛ ትውልድ የተረሳ ዕዳ ሌላ ስም አለው፤ እርሱም ኮስት ሼሪንግ ነው።

በ1996 ዓ.ም የትምህርት ዘመን የተጀመረው፣ በመጀመሪያ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 የተደነገገው ይህ የወጪ መጋራት ሥርዐት፣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ ከተመረቀ በኋላ ሠርቶ እንዲከፍል ውል ያስፈርመዋል፤ መምህር ሊሆን የተመደበው ግን በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎቱ ይከፍላል። ምሩቁ ሲቀጠር አሠሪው ከወር ገቢው ከ10 በመቶ የማያንስ እየቀነሰ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ማስገባት አለበት። እስከዚያው ድረስ ተማሪው በእጁ የሚይዘው «ቴምፖ» የሚባለውን ጊዜያዊ ወረቀት ነው፤ ዋናው ዲግሪ ዕዳው እስኪከፈል በሬጅስትራሩ ሣጥን ይቀመጣል።

የደንቡን መሠረተ ሐሳብ አልነቅፍም። በዶዶታ ቆላ ሰማይ ሰማይ እያየ የሚያርሰው ገበሬ ልጁ ከስምንተኛ ክፍል ሳታልፍ ቀርታ፣ የሌላውን ሰው ልጅ መሐንዲስ ለማድረግ ግብር ሲከፍል፣ መሐንዲሱ በበኩሉ ጥቂት ይመልስ ማለት ፍትሕ ነው እንጂ ግፍ አይደለም። የምነቅፈው የአበዳሪውን ዝምታ ነው።

የእኅቴ ልጅ ደራ ተወልዳ ያደገች፣ በሒሳብ አያያዝ የተመረቀች፣ መጀመሪያ በባቱ ከሚገኙት የአበባ እርሻዎች በአንዱ ተቀጥራ፣ በኋላም በሻሸመኔ የራሷን ሱቅ ከፍታ የምትኖር ሴት ናት። ውጭ አገር ለመማር ዕድል አግኝታ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት እንዲላክላት ስትጠይቅ፣ በሬጅስትራሩ መስኮት ያለው ሠራተኛ ስሟን ፈልጎ፣ ዕዳዋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይነካ መቀመጡን ነገራት። ቀድሞ አሠሪዋ ከደመወዟ ይቆርጥ እንደ ነበር ብታስረዳም የተቆረጠው ገቢ ስለ መሆኑ የተላከ ደብዳቤ በፋይሉ ውስጥ አልተገኘም፤ በሱቋ በሠራችባቸው ዓመታት ደግሞ የሚቆርጥባት ሰው ቀርቶ የሚያስታውሳት እንኳ አልነበረም። ወደ እኔ መጥታ፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ መንግሥት በነጻ ያስተማረኝ መስሎኝ ነበር» ያለችኝ በማጭበርበር አልነበረም። ውሉን የፈረመችው በምዝገባ ሰልፍ ላይ፣ ከመኝታ ቁልፍና ከመመገቢያ ካርድ ጋር፣ ገና በልጅነቷ ነበር፤ ቅጂውም አልተሰጣትም።

እንግዲህ ፈራጅ ሆኖ ለሚያየው ሰው ጥፋቱ የማን ነው? ፈርማ የረሳች እርሷ ጥፋት የለባትም አልልም። ነገር ግን ከ2014 ዓ.ም ጀምሮ በቴሌብር «መላ» ሰው ለተበደራት ጥቂት መቶ ብር የመክፈያውን ቀን በስልክ መልእክት ሲያስታውስ የሚታይ አገር፣ ለአራት ዓመት የትምህርት ዕዳ በየዓመቱ አንዲት መስመር መላክ ተስኖት፣ ባለዕዳዋ እጅግ በቸገራት ቀን በመስኮት ብቅ ሲል፣ ይህን ሒሳብ አያያዝ ነው ብዬ ለመቀበል ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ደመወዝ ቆርጦ ማስረጃውን የማይልክ አሠሪ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ እርሱ የረሳው የራሱን ሳይሆን የሰው አደራ ነው።

ስለሚያንቀላፋ አበዳሪ የሕግ ሊቃውንት ቀድመው አስበውበታል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የፈረንሳዩ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት፣ በ1952 ዓ.ም የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 1845 ላይ፣ ሌላ ሕግ ከሌለ በቀር በውል የሚጠየቅ መብት በ10 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ እንደሚታገድ ይደነግጋል። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን ተከትለው ያሉትን አንቀጾች አያነብም። ዳኛው ይርጋውን በራሱ ፈቃድ አያነሣም፤ ባለዕዳው ራሱ ሊቃወምበት ይገባል። ደግሞም ባለዕዳው ዕዳውን ካመነ፣ ወለድ ወይም ከፊሉን ከከፈለ፣ መያዣ ወይም ዋስ ከሰጠ፣ የተቈጠረው ዘመን ይቋረጥና ቈጠራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ስለዚህ በአሜሪካ ያለው ወገናችን በድንጋጤ የሚልካት ጥቂት ዶላር የምታደርገውን፣ እዚህ በማስፈራሪያ ደብዳቤ የተገኘች አንዲት ፊርማ ታደርገዋለች። ስለ ኮስት ሼሪንግ ግን ራሱን የቻለ ደንብ ስላለ፣ ቁጥር 1845ን በወረቀት ገልብጦ ወደ ሬጅስትራሩ መስኮት የሚሄድ ምሩቅ ቢኖር ድካሙ ከንቱ እንዳይሆን እፈራለታለሁ።

የዋስ ነገር ደግሞ ከዚህ ይከፋል። ለባልደረባው ብድር በቅን ልብ ፈርሞ፣ ባልደረባው ከሄደ በኋላ ደብዳቤ የሚደርሰው ሰው በከተሞቻችን ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው ከማልቀሱ በፊት የፈረመውን ወረቀት ማየት አለበት፤ ያው ሕግ በቁጥር 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት የገንዘብ ልክ ከነመጨረሻው ያልተጻፈበት ዋስትና ዋጋ እንደሌለው ይናገራልና። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድርም በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር እንደማይረጋገጥ በቁጥር 2472 ተጽፏል። በ1952 ዓ.ም 500 ብር ታላቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የአንድ ቤት የገበያ ቅርጫት አትሞላም፤ ሕጉ ግን እንዳለ ነው።

ከሕጉም በፊት ኦሪት ስለዚህ ነገር ሥርዐት ሠርታ ነበር፤ በየሰባቱ ዓመት ለባለዕዳ ምሕረት እንዲደረግ፣ በ50ኛውም ዓመት ኢዮቤልዩ እንዲታወጅ አዘዘች። መንግሥታችን የምሩቃንን ዕዳ ይማር ብዬ አልለምንም፤ የዶዶታው ገበሬ አለብኝ። ነገር ግን ምሕረት ለማድረግም ሆነ ለማስከፈል አስቀድሞ የሒሳቡ መጠን መታወቅ አለበት፤ በኦሪቱ ሕግ አበዳሪው ዕዳውን የሚተወው ስንት እንደሆነ እያወቀ ነበር።

ስለዚህ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤትና ዩኒቨርሲቲዎቹ በየዓመቱ፣ መስከረም በባተ ቁጥር፣ ለእያንዳንዱ ምሩቅ የተከፈለውንና የቀረውን በስልክ መልእክት ያሳውቁ፤ ስልክ ቁጥሩን የማያውቁትም በምዝገባ ሰልፍ ላይ ውል ሲያስፈርሙ ይጠይቁ፤ የውሉንም ቅጂ ለፈራሚው ይስጡ። አንተም አንባቢ ሆይ፣ በእጅህ ያለው ቴምፖ ብቻ ከሆነ፣ ትራንስክሪፕት የሚያስፈልግህን ቀን አትጠብቅ፤ በዚህ ሳምንት ወደ አሠሪህ የሒሳብ ክፍል ሂደህ ከደመወዝህ የተቆረጠው ገቢ የሆነበትን ደረሰኝና ደብዳቤ ጠይቅ፤ ቅጂውንም ማኅተም አስመትተህ በቤትህ አስቀምጥ።