የሌላው ጋዜጣ ሲታገድ ለምታጨበጭበው

ወንድሜ፣ እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የማንወደው ሰው ጽሑፍ ሊወጣ ነው ሲባል «መንግሥት የት ነው? ሳይወጣ ለምን አያስቆመውም?» ብላችሁ ስትጽፉ ምን እየጠየቃችሁ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሳንሱር ይመለስልን እያላችሁ ነው። ሌላ ስም የለውም።

እኔ ከተመረቅኩ ወዲህ ሥራ ባይኖረኝም ጊዜ ሞልቶኛል፤ ቁጭ ብዬ ሕገ መንግሥቱን አነበብኩት። (አብዛኞቻችን የምንከራከርበትን ያህል አላነበብነውም።) አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 3 የቅድሚያ ምርመራ በማንኛውም መልኩ የተከለከለ ነው ይላል። «ካልሆነ በስተቀር» የምትል ጅራት የለችውም! የ1948ቱ የንጉሡ ሕገ መንግሥትም የፕሬስ ነፃነትን ጽፎ ነበር፣ ግን «በሕግ መሠረት» የምትል ቀዳዳ ትቶ። ደርግም በ1979 ጻፈ፤ ሳንሱሩ ግን ሥራውን አላቆመም። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በንጉሡ ጊዜ ታገደ፣ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በደርግ ጊዜ ከገበያ ተለቀመ። በ1987 ክልከላው በግልጽ የተጻፈው ይሄ ሁሉ ስለታየ ነው።

ልብ በሉ፣ ያሻህን ጻፍ፣ አትጠየቅም አላለም። የሰው ስም ያጠፋ፣ ለጦርነት የቀሰቀሰ በሕግ ይጠየቃል፤ ንዑስ አንቀጽ 6 እና 7ን እዩ። ግን የሚጠየቀው ካወጣው በኋላ ነው፣ ክስ ተመሥርቶበት፣ ዳኛ ፊት ቆሞ። ያኔ ጽሑፉን አንተም አንብበኸዋል፤ ዳኛው ቢሳሳት ተሳስቷል ማለት ትችላለህ። ማተሚያ ቤት ሳይገባ ከተቀደደ ግን ምን እንደተቀደደ እንኳ አታውቅም። ስለምን ትከራከራለህ?

«ሕጉ ካለ ታዲያ ለምን ይታፈናል?» ትሉኛላችሁ። ሳንሱር ዛሬ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ አይመጣማ! 2004ን ውሰዱ፣ እኛ ያኔ ልጆች ነበርን። የመንግሥቱ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት ለጋዜጣ አሳታሚዎች አዲስ ውል አቀረበ። ሕግ ይጥሳል ብሎ ያመነበትን ጽሑፍ አላትምም የማለት መብት ለራሱ የሚሰጥ ውል። ዳኝነቱን ለማተሚያ ቤት! አሳታሚዎቹ ጮኹ፣ ይሄ ሳንሱር ነው አሉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ «ፍትሕ» ጋዜጣ ስለ አቶ መለስ ጤና የሚያወራ ዘገባ ይዛ ልትወጣ ስትል ታገደች። አገሩ በሙሉ የሚያወራውን ነገር!

ሌላም አለ። አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ የማይነኩ መብቶችን ይዘረዝራል። አንቀጽ 29 እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ አዋጅ ሲታወጅ ይሄ መብት ሊታገድ ይችላል፤ እሱም ቢሆን ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ አጽድቆት፣ በ6 ወር ተወስኖ፣ ሲራዘምም በየ4 ወሩ እንደገና ድምፅ ተሰጥቶበት ነው። የአንድ ባለሥልጣን ስልክ አዋጅ አይደለም። «ይቺን ዜና ተዋት» የሚል ስልክ የደረሰው አዘጋጅ የትኛው አንቀጽ ነው ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።

እና ወገን፣ በሚቀጥለው ጊዜ የእነ እንትና ጋዜጣ ታገደ ተብሎ ላይክ ከማድረጋችሁ በፊት ጠይቁ፦ ማን አገደው? የትኛው ፍርድ ቤት? ከመታተሙ በፊት ነው በኋላ? መልስ ከሌለ፣ የምታጨበጭቡለት እጅ ነገ ይሄንን የእኛን ገጽም የሚዘጋው ነው።