ስለ ጣና ዳር ጕንዳኖች

ጕንዳንን የማያውቅ ልጅ የለም። በባሕር ዳርም ሆነ በዘጌ፥ በደቅ ደሴትም ሆነ በጎርጎራ፥ ስኳር ወይም ማር ጠብ ባለበት ስፍራ ቍጫጭ ከባለቤቱ ቀድሞ ይደርሳል። ጕንዳንም እንደ ጥቍር ገመድ ተዘርግቶ መንገድ ሲያቋርጥ፥ በባዶ እግሩ የሚሄድ ልጅ ዘሎ ይሻገረዋል፤ ያልዘለለ ግን በተነከሰ ጊዜ ያውቀዋል።

ስለዚህ ብዙ ሰው ጕንዳንን ዐውቀዋለሁ ይላል። ዳሩ ግን በአንድ ስም መጥራት ማወቅ አይደለም። ላምንና ፍየልን፥ ድመትንና አንበሳን በአንድ ስም ጠርቶ «አራት እግር ያለው ሁሉ ያው ነው» የሚል ሰው ቢገኝ ይሣቅበታል። ስለ ጕንዳን ግን ሁሉም እንዲሁ ይናገራል፥ የሚሥቅም የለም።

ሊቃውንት ለይተው ስም የሰጡአቸው የጕንዳን ዓይነቶች በዓለም ሁሉ ከ14,000 ይበልጣሉ። አንዱ ዓይነት በብዙ ሠራዊት እየዘመተ ያድናል፤ በኢትዮጵያ በሰልፍ የሚያልፈውና ክፉኛ የሚነክሰው ጕንዳን ከዚህ ወገን ነው። ያ ሁሉ ሠራተኛ ዕውር ነው፤ መንገዱን የሚያውቀው በሽታና በመዳሰስ ነው። ሌላው ዓይነት የሣር ፍሬና እህል ለቅሞ በምድር ውስጥ ባለው ጎተራው ያከማቻል። ሌላው ክሽክሽ የሚባለውን የተክል ተባይ እንደ ላም ይጠብቃል፥ ከእርሱም የሚወጣውን ጣፋጭ ጠል ይጠጣል። ሌላው ከዛፍ ላይ ሳይወርድ ዕድሜውን ይፈጽማል። ምስጥ ግን፥ ምንም እንኳ ብዙ ሰው ከጕንዳን ወገን ቢቈጥረው፥ ጕንዳን አይደለም። የምስጥ ዘመዱ በረሮ ነው። መልክ ዘመድን ያሳስታልና ይህን የሚሰማ ልጅ አይደነቅ።

ብዛታቸውም እጅግ ነው። በ2022 ዓመት በአውሮጳ አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ሊቃውንት በምድር ላይ ያሉትን ጕንዳኖች ቢገምቱ፥ 20 ተጽፎ በስተኋላው 15 ዜሮ የሚቀጠልበት ቍጥር አገኙ። ይህ ለሰው ልጆች ሁሉ ቢከፋፈል ለአንዱ ሰው ሁለት ሚሊዮን ተኩል ያህል ይደርሰዋል። ይህ ሁሉ ሠራተኛ ሥራ ፈት አይደለም። ምድርን ይቈፍራል፥ አየርና ውኃ ወደ ሥር እንዲገባ ያደርጋል፥ የሞተውን ትልና ዝንብ ከመንገድ ያነሣል፥ ዘርን ከቦታ ወደ ቦታ ያጓጕዛል፥ እህል የሚበላውንም ተባይ ይበላል። አንዱ ዓይነት የሚሠራውን ሌላው አይሠራውም። የዓይነቱ መብዛት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

መጽሐፈ ምሳሌ ሰነፉን ሰው ወደ ገብረ ጕንዳን ሄዶ ትጋትን እንዲማር እንደሚመክረው ተማሪ ሁሉ ሰምቷል። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሰዎች ከጕንዳን አንድ ነገር ብቻ መማር ለመዱ፤ እርሱም ትጋትና ኅብረት ነው። ኅብረት ሁልጊዜ ለሁሉ መልካም ፍሬ ያፈራ እንደሆነ ግን በሚገባ አልጠየቁም። ለዚህ ጥያቄ ከጣና አገር የተገኘ አንድ ነገር አለ።

በጣና ዙሪያና በደቡብ ጎንደር ከሩቅ ለሚያይ ሰው፥ አረንጓዴ ክምር የሚመስል ነገር በእርሻው መካከል ብቅ ብቅ ብሎ ይታየዋል። ቀርቦ ቢያይ ቤተ ክርስቲያን ነው፥ ዙሪያውንም ጫካ ከብቦታል። በውስጡ ወይራ፥ ጽድ፥ ዋንዛ፥ ብሳናና ጥቍር እንጨት ይገኛሉ። ከእነዚህ ጫካዎች ብዙዎቹ አንድ ጋሻ እንኳ አይሞሉም። ነገር ግን በዙሪያቸው የነበረው ዱር ታርሶ ስላለቀ፥ የቀድሞው አገር የቀረው በእነርሱ ውስጥ ነው። የደን ሊቅ የሆኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ 28 የቤተ ክርስቲያን ጫካዎችን ከባልንጀሮቻቸው ጋር መርምረው 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ ቈጥረዋል።

ከዚህ በኋላ ዶክተር ማግዳሌና ሶርገር የምትባል የጕንዳን ሊቅ፥ ከዶክተር ዓለማየሁና ከሌሎች ሊቃውንት ጋር፥ በነዚህ ጫካዎች ውስጥና ዙሪያ ያሉትን ጕንዳኖች መረመረች። በ2017 የወጣው ጽሑፋቸው ስለ አንዲት ታናሽ ጕንዳን ይናገራል። ሊቃውንት ሌፒሲዮታ ካኔሴንስ ብለው ይጠሯታል። ከባሕር ማዶ የመጣች አይደለችም፤ የአገሩ ተወላጅ ናት። የሚያስደንቀው ግን አኗኗርዋ ነው።

የጕንዳን ልማድ እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ ጎጆ የራሱ ሽታ አለው። የአንዱ ጎጆ ጕንዳን ወደ ሌላው ጎጆ ቢገባ፥ ዓይነቱ አንድ ቢሆን እንኳ፥ በሽታው ይታወቃል፥ ተይዞም ይነከሳል፥ ይገደላልም። ስለዚህ ጕንዳኖች ብዙ ኃይላቸውን እርስ በርሳቸው በመዋጋት ይጨርሳሉ፥ አንዱም ጎጆ አገሩን ሁሉ ሊይዝ አይችልም። ይህች ጕንዳን ግን ይህን ልማድ ትታለች። ከሩቅ ጎጆ የመጣችውን እንደ እኅት ትቀበላለች። ብዙ ሺህ ጎጆዎች አንድ መንግሥት ይሆናሉ። ሊቃውንቱ ካገኙአቸው ከእነዚህ መንግሥታት ትልቁ 38 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ ነበር። ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ የእግረኛ ሰው አንድ ቀን የሚያስኬደውን ያህል ስፍራ፥ አንዲቱ ጕንዳን ከሌላይቱ ሳትጣላ ይዛዋለች ማለት ነው።

አንድ ሰው ይህን ሰምቶ «እንዴት ያለ መልካም ምሳሌ ነው! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ይህ ነው» ይል ይሆናል። ፍርዱ ግን የቸኰለ ነው። እርስ በርሳቸው የማይጣሉ እነዚህ ጕንዳኖች ለሌላው ዓይነት ሰላም አያመጡም። ብዛታቸው ስለሚበረታ ምግቡንም ስፍራውንም ይይዙታል። ዐሥር ዓይነት ጕንዳን በነበረበት አንድ ዓይነት ቢቀር፥ ቍጥሩ ምናልባት ከፊተኛው ይበዛ ይሆናል፤ ሥራው ግን ይጐድላል። በመንደር ውስጥ ሸማኔው፥ ቀጥቃጩ፥ አናጢውና ገበሬው ጠፍተው ሁሉም ነጋዴ ቢሆን፥ ሰዉ ብዙ ነው ተብሎ መንደሩ ደኅና ነው አይባልም።

የዚህች ጕንዳን ዘመድ በሌላ አገር ያደረገችው ታውቋል። በ2015 በአውስትራልያ በዳርዊን ወደብ ከዚሁ ወገን የሆነች ጕንዳን ተገኘችና፥ ወደ አገሩ እንዳትገባ ሲሉ ወደቡን ለጥቂት ቀኖች ዘጉት። መርከብ የሚያቆም ሠራዊት ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ነበር።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር በጎረቤት በኬንያ ታይቷል። በዚያና በደቡብ ኢትዮጵያ አንድ የግራር ዓይነት ይበቅላል፤ የእሾኹ ሥር አብጦ ውስጡ ባዶ ነው። በዚያ ባዶ ቤት ጕንዳኖች ይኖራሉ፥ ዛፉም ጣፋጭ ውኃ ይሰጣቸዋል። እነርሱ ደግሞ ለኪራዩ ዛፉን ይጠብቃሉ፤ ዝሆን ቅርንጫፉን ሊሰብር ቢመጣ ወደ ኵምቢው ገብተው ይነክሱታል፥ ዝሆኑም ይሸሻል። ታናሹ ትልቁን ያባርራል። ነገር ግን ከሌላ ስፍራ የመጣ ራሱ ትልቅ የሆነ ጕንዳን በላይኪፒያ አገር ገባና፥ እነዚያን ጠባቂዎች ፈጃቸው። እርሱ ራሱ ዛፍ አይጠብቅም። ስለዚህ ዝሆኖች ግራሩን ያለ ፍርሃት ሰባበሩት፥ ሜዳውም ተገለጠ። አንበሳ የሜዳ አህያን የሚይዘው በዛፍ ተሸሽጎ ነው፤ መሸሸጊያው ሲጠፋ አደኑም ጠፋበት። በ2003 አንበሶች ከገደሉት ከመቶው 67 የሜዳ አህያ ነበረ፤ በ2020 ወደ 42 ወረደ። በዚያው ፈንታ ጐሽ መግደል ጀመሩ፥ ጐሽ ግን በቀንዱ የሚገድል ብርቱ አውሬ ነው። ይህ በ2024 ታትሞ ወጣ። አንበሳ ያሰረው ድር ሳይሆን ጕንዳን ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

በጣና ዳር ዝሆን የለም። ሆኖም ነገሩ አንድ ነው፤ ማን ከማን ጋር ተያይዞ እንደሚኖር ሰው ሳያውቅ አንዱ ክር ይበጠሳል። የጣናዪቱ ጕንዳን ደግሞ ሰው የነካው መሬት ይስማማታል፤ ዛፉ በተቈረጠበት፥ ከብት በረገጠው፥ ፀሐይ በገባበት ጫካ ልትሰፋ ትችላለች። እርስዋ ክፉ ስለ ሆነች አይደለም። በሩን የሚከፍትላት ሰው ነው። ስለዚህ «ጕንዳኒቱን በመርዝ እንጨርሳት» የሚል ምክር ቢመጣ ከንቱ ነው። መርዝ እርስዋን ከሌሎቹ አይለይም፤ የሚተርፈውም ብዛት ያለው እርሱ ነው። የጎጆአቸውን አፍ በእንጨት የሚጐረጕሩ፥ ፍም የሚያፈሱበት ልጆችም እንዲሁ ናቸው፤ የትኛውን እንዳጠፉ አያውቁትም።

በዘጌ ጥንት የነበረው ሥርዓት ከዚህ ይሻላል። እንደሚባለው አባ በትረ ማርያም ወደዚያ በመጡ ጊዜ ቡናና ጌሾ ሎሚም በበትራቸው በቀሉ፥ ከዚያም ወዲህ በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ሆነ። ታሪኩን የሚያምን ያምነዋል፤ ሕጉ ግን ሥራውን ሠርቷል። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሊሳለም የሚወጣ ሰው እስከ ዛሬ በጥላ ውስጥ ይሄዳል። በ2015 የጣና ሐይቅና ዙሪያው በዩኔስኮ የተጠበቀ የሕይወት ክልል ሆኖ ሲመዘገብ፥ እንዲህ ያሉ ጫካዎች ስላሉበት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ነገር ግን ድኻውንም መስማት ይገባል። የዘጌ ሰው እንጨት ቈርጦ በታንኳ ወደ ባሕር ዳር ወስዶ የሚሸጠው ጫካውን ስለ ጠላ አይደለም፤ ጨው፥ ዘይትና የልጁን ደብተር መግዛት ስላለበት ነው። በደቡብ ጎንደርም ገበሬ ከብቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጫካ የሚያስገባው ሌላ ሣር ስላጣ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው «ለጕንዳን ስትል ተው» ብሎ መናገር ቀላል ነው፥ ጥቅሙ ግን ጥቂት ነው። እርሱንም የሚጠቅም ነገር ሊገኝ ይገባል።

ዶክተር ዓለማየሁ ከብት በማይገባበት ስፍራ የዛፍ ችግኝ እንደሚያድግ፥ በሚገባበት ግን እንደሚረገጥና እንደሚበላ በምርመራ አሳይተዋል። ከዚህም የተነሣ እርሳቸውና ማርጋሬት ሎውማን የምትባል አሜሪካዊት የዛፍ ሊቅ ከቀሳውስቱና ከምእመናኑ ጋር ተማክረው፥ በዣራና በሌሎችም ስፍራዎች ጫካውን በድንጋይ አጥር አስከበቡ። ድንጋዩ የተለቀመው ከዚያው ከገበሬው እርሻ ነው። ማረሻውን የሚሰብር ድንጋይ ከማሳው ተነሣለት፥ ሳይከፍልም እርሻው ተጠረገለት። ቄሱ አጥር አገኘ፥ ገበሬውም ለስላሳ መሬት።

አጥሩ በሬውን ይከለክላል እንጂ ጕንዳኒቱን አይከለክላትም፤ እንዲያውም የድንጋይ ሥር ለጕንዳን መልካም ቤት ነው። ይሁን እንጂ ከአጥሩ ወዲያ ችግኙ ሲያድግ ጥላው ይጠብቃል፥ ቅጠሉ ወድቆ ይበሰብሳል፥ መሬቱም እርጥብ ሆኖ ይቈያል። በዚያ ጨለማና እርጥብ ስፍራ፥ ከተገለጠው ሜዳ ላይ የማይገኙ ጕንዳኖች፥ እንደ ድሮው እያንዳንዱ በየጎጆው፥ እያንዳንዱም በየሽታው፥ እርስ በርሳቸው እየተጣሉ ይኖራሉ።